የሶፕራኖ ዩኩሌሌዬ መቃኛ አልይዝ አለ፤ ባለ ማርሽ ልቀይርላት?

ባለአራት_ክር፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ሦስት ዓመት አብራኝ የኖረች ሶፕራኖ ዩኩሌሌ፣ ጊታር መሳይ ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ፣ አለችኝ። ድምፅዋን እወደዋለሁ፣ አንገቷ ለእጄ ልክ ነው። አንድ አመል ብቻ አላት፦ ቅኝት አትይዝም። ቃኝቼ አንድ ዜማ ሳልጨርስ ከአራቱ ክሮች (ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ) ኤ ትወርዳለች። ላስተካክል ብዬ ፔጉን፣ ክሩን የሚጠመጥመውን መቃኛ፣ ነካ ሳደርገው የኤን ልክ 440 ኸርዝን አልፎ ይሄዳል፤ መለስ ሳደርገው ደግሞ ከታች ይገኛል። መሃሉ ላይ ማቆም እንቁላል በጫፉ ማቆም ሆኖብኛል።

ፔጎቹ ከራሷ (ከአንገቷ ጫፍ) ጀርባ በቀጥታ የሚወጡ፣ ማርሽ የሌላቸው ናቸው። እነሱን አውጥቼ ጊታር ላይ እንዳለው ወደ ጎን የሚወጣ፣ 14 ለ 1 የሚባለውን (መያዣው 14 ጊዜ ሲዞር ክር ጠምጣሚው ግንድ አንዴ የሚዞርበትን) ባለ ማርሽ ላስገባላት አስቤያለሁ። ሥራውን ራሴ ነኝ የምሠራው፤ ካቻቪቴም ድሪልም አለኝ። የሞከራችሁት ካላችሁ፣ ቀዳዳ ማስፋት ግዴታ ነው? ራሷስ አይከብድም? ወይስ ችግሩ ጭራሽ ሌላ ቦታ ነው?

ሶፕራኖዋ፦

ወንድሜ፣ ድሪሉን ወደ ሳጥኑ መልሰው። ለጊዜው የሚያስፈልግህ ካቻቪቴው ብቻ ነው።

የያዝከው የሰበቃ ፔግ ይባላል። ውስጡ ምንም ነገር የለም፤ ክሩን የሚያቆመው በመያዣውና በእንጨቱ መካከል ያለው ሮንዴላ ሲጨመቅ የሚመጣው ሰበቃ ነው። መያዣው ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ቪት አይተሃት ይሆናል። ለጌጥ አልተቀመጠችም። እሷ ስትላላ ክሩ ፔጉን እየጎተተ ይፈታዋል። ወደ ቀኝ አንድ ስምንተኛ ዙር አጥብቅና ቃኝ። ካልያዘ ሌላ አንድ ስምንተኛ። ከዚያ በላይ ከሄድክ ግን ፔጉ መንሸራተቱን ትቶ መዝለል ይጀምራል፤ ትገፋዋለህ እምቢ ይላል፣ ትገፋዋለህ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ድንገት ቱር ብሎ ግማሽ ድምፅ አልፎህ ይሄዳል።

ዘይት ደግሞ እንዳታስብ። እኔ አንዴ ለስለስ ይበልልኝ ብዬ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጌበት ነበር። አልዋሽም፣ ለስልሷል። አራቱም ክሮች ተያይዘው ወረዱ። ሮንዴላዎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ በአልኮል ጠርጌ ስጨርስ መሽቶ ነበር።

የእንጨት_ትል፦

እህታችን ስለ ቪቷ ያለችው ልክ ነው። እኔ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ልመልስህ። መሣሪያ ቅኝት አልያዘም ሲባል ክሱ ሁልጊዜ ፔግ ላይ ነው። ፔግ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይነካል፣ ስለዚህ ይከሰሳል። ከመፍረድህ በፊት ምስክር ስማ።

እርሳስ በደንብ ቅረጽ። ዩኩሌሌዋን ቃኝና ከራሷ ጀርባ ከእያንዳንዱ መያዣ ጠርዝ ጀምሮ እስከ እንጨቱ የሚዘልቅ ቀጭን መስመር አስምር፤ ግማሹ መያዣው ላይ፣ ግማሹ እንጨቱ ላይ። ለቬርኒሹ ካሳዘነህ የወረቀት ፕላስተር ለጥፍና እሱ ላይ አስምር። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ተጫወትና ቲዩነሩን (የቅኝት መለኪያውን) መልሰህ ሰካ። ክሩ ወርዶ መስመሩም ከተላለፈ ፔጉ ተንሸራቷል፣ ጥፋተኛው እሱ ነው። ክሩ ወርዶ መስመሩ እንደተገጣጠመ ካለ ግን ፔጉ ነጻ ነው። ያኔ ወይ አዲስ ክር ገና እየተለጠጠ ነው፣ ወይ ክሩ ግንዱ ላይ በደንብ አልተጠመጠመም፣ ወይ ታች ክሮቹ በሚታሰሩበት ድልድይ ላይ ያለው ቋጠሮ ቀስ እያለ እየሾለከ ነው፣ ወይ ደግሞ ከራሷ ሥር ያለችው ባለ አራት ጎድጓዳ ዘንግ፣ ነት የምንላት፣ ክሩን ነክሳ ይዛዋለች።

ናይሎንም ሆነ ፍሎሮካርቦን ክር እንደ ብረት ክር ቶሎ አይረጋም። ከተቀየረ በኋላ ለቀናት ይለጠጣል። ለመሆኑ ክር የቀየርከው መቼ ነው?

ባለአራት_ክር፦

ጋሼ፣ እንዳሉኝ ትናንት ማታ መስመሩን አስምሬ ተጫወትኩ። ውጤቱ አስገርሞኛል።

ኤ ላይ መስመሩ በግልጽ ተላልፏል፤ መያዣው ጠርዝ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ኢ ንቅንቅ አላለችም፤ ክሯም ፔጓም። ሲ ላይ መስመሩ እንዳለ ነው፣ ክሩ ግን 15 ሴንት (አንድ ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) ወርዷል። ክሮቹን የቀየርኩት ከ5 ቀን በፊት ስለሆነ መለጠጥ ይመስለኛል። ጉዷ ያለው ጂ ጋ ነው። መስመሯ አልተነቃነቀም፣ ክሯ ግን ከቃኘኋት ወደ ላይ ወጥታ አገኘኋት! ማንም ሳይነካት ክር ራሱን ያጠብቃል እንዴ?

የኤን ቪት እንደተባልኩት አጠበቅኩ። ያዝ አደረገ፣ ግን መሃል የለውም፤ ትንሽ ሲላላ ይንሸራተታል፣ ትንሽ ሲጠብቅ ይዘላል። ፈትቼ ሳየው ሮንዴላው በአንድ በኩል ተበልቶ እንደ ምላጭ ሳስቷል።

የእንጨት_ትል፦

አራት ክር፣ አራት የተለያየ መልስ። አየህ፣ አራቱንም በአንድ ክስ ልትቀጣቸው ነበር።

ጂ ራሷን አላጠበቀችም። ስትቃኛት ፔጉ ክሩን ሲስብ ነቷ ነክሳ ስለያዘችው ውጥረቱ ሁሉ ከነቷ በላይ ራሷ ላይ ቀረ፤ የሚነዝረው ክፍል አልደረሰውም። መጫወት ስትጀምር ንዝረቱ ክሩን ከጎድጓዳው አስለቀቀውና የተጠራቀመው ውጥረት ወደ ታች ወረደ፤ ድምፁም ወጣ። ስትቃኝ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰምተህ ከሆነ እሱ ነው። ክሯን አላላና ከጎድጓዳው አውጥተህ ለስላሳ እርሳስ፣ 2ቢ ከተገኘ መልካም፣ ጎድጓዳው ውስጥ ተመላለስበት። የእርሳሱ ብናኝ ክሩን ያንሸራትተዋል።

የኤ ፔግ ግን ዕድሜው አልቋል። ለሱ አልከራከርህም።

ባለአራት_ክር፦

ጠቅ ትላለች! በትክክል። እኔ የፔጉ ድምፅ ነበር የመሰለኝ። እርሳስ አስገብቼላት አሁን ዝም ብላለች።

እንግዲህ አንዱ ፔግ ካለቀ አራቱንም መቀየሬ አይቀርም። ጥያቄው በምን የሚለው ነው።

ቁጥር_ይናገር፦

ከማዘዝህ በፊት ትንሽ ሒሳብ። የፔጉ ግንድ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ዙሪያው 18.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሰበቃ ፔግ 1 ለ 1 ስለሆነ መያዣውን 10 ዲግሪ ስታዞር ክሩ 0.52 ሚሊ ሜትር ይሳባል። 10 ዲግሪ የሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የሚሄደው ነው፤ ጣት ያስነጠሰው ያህል። ያቺኑ 0.52 ሚሊ ሜትር በ4 ለ 1 ለመሳብ 40 ዲግሪ፣ በ14 ለ 1 140 ዲግሪ፣ በ18 ለ 1 ሙሉ ግማሽ ዙር ማዞር አለብህ። የእጅህ ስህተትም በዚያው ልክ ተከፋፍሎ ይቀንሳል።

ሶፕራኖ ላይ ነገሩ የሚብሰው ክሩ አጭር ስለሆነ ነው። ከነት እስከ ድልድይ ሶፕራኖ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ተለቅ የሚሉት ዩኩሌሌዎች ደግሞ ኮንሰርት 38፣ ቴኖር 43። እኩል ሳብ ብታደርጋቸው አጭሩ ክር ከርዝመቱ አንጻር ይበልጥ ይለጠጣል፣ ድምፁም ይበልጥ ይሸሻል። ስለዚህ ትንሿ መሣሪያ ናት ማርሽ በብዛት የሚያስፈልጋት፤ ክብደት የማትችለውም እሷው ናት። ጣጣው ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

14 ለ 1 ዕዳም አለው። ክር በቀየርክ ቁጥር ለአንዱ ዙር 14 ጊዜ ስታጠነጥን ትውላለህ።

ሶፕራኖዋ፦

ክብደቱን እኔ ልንገርህ፣ ቀምሼዋለሁ። የጊታር ዓይነት ፔግ የገባላት ሶፕራኖ ለአንድ ወር ያህል በእጄ ነበረች። ተቀምጬ ስጫወት ደህና ናት። ቆሜ ልጫወት ስል ግን ራሷ ወደ መሬት ታዘቀዝቃለች፤ ግራ እጄ ኮርድ መያዙን ትቶ አንገት ደጋፊ ሆነ። ሶፕራኖ እኮ በክንድና በደረት መካከል ተቆንጥጣ የምትያዝ ናት፤ ማንጠልጠያ የላትም። ከጎንና ከጎን የወጡት መያዣዎችም ጆሮ ሆነውባት መልኳ ሌላ ሆነ። ይሄ የኔ ዓይን ነው፤ ደስ የሚለው ሰው አለ።

ይቺ መሣሪያ ስትወለድም ማርሽ አታውቅም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1879 ራቨንስክራግ የተባለች መርከብ ከፖርቹጋሏ ማዴይራ ደሴት ሠራተኞችን ጭና ሃዋይ፣ ሆኖሉሉ ስትደርስ፣ ማሼቴ የሚባል ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ አብሯቸው ገባ። ዩኩሌሌ ከእሱ ነው የመጣችው። የቀደሙት ፔጎች እንደ ቫዮሊን ሾጣጣ እንጨት ነበሩ፤ እያዞርክ ወደ ውስጥ ገፋ ስታደርገው ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቆ ይይዛል።

ስለዚህ ምርጫህ ሁለት ብቻ አይደለም። ጥሩ የሰበቃ ፔግ አለ፤ ሮንዴላው ወፍራም፣ ግንዱ የማይወላገድ። ያንተው ደካማ ስለነበር ዘሩ ሁሉ መጥፎ ነው አትበል። ፕላኔታሪም አለ።

ዝም_ብሎ_አንባቢ፦

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምጽፈው። ፕላኔታሪ ምንድን ነው? ፎቶውን ሳየው እኮ ከሰበቃው ጋር አንድ ነው የሚመስለው።

ቁጥር_ይናገር፦

እንዲመስል ተብሎ ነው የተሠራው። ማርሹ ያለው በመያዣውና በግንዱ መካከል ያለችው ጠባብ ሲሊንደር ውስጥ ነው። መሃል ላይ ፀሐይ የሚሏት ትንሽ ጥርሳም መንኮራኩር አለች፤ ከመያዣው ጋር ትዞራለች። ዙሪያዋን ፕላኔት የሚሏቸው ትናንሾች ይሽከረከራሉ። ከውጭ ደግሞ ጥርሱ ወደ ውስጥ የሆነ፣ የማይዞር ቀለበት አለ። ክሩን የሚጠመጥመው ግንድ የሚዞረው ከፕላኔቶቹ ጋር ነው። ፀሐይዋ 12 ጥርስ፣ ቀለበቱ 36 ጥርስ ቢኖረው 36 ለ 12 ሲካፈል 3፣ 1 ሲደመር 4። በቃ 4 ለ 1 ሆነ። ጎቶ የተባለው አምራች ለዩኩሌሌ የሚያወጣው ፕላኔታሪ 4 ለ 1 ነው። ለቫዮሊን የሚሆነው ዊትነር የተባለው አምራች ፔግ ደግሞ 8.5 ለ 1 ይደርሳል።

አንድ ልዩነት አለ። የጊታር ዓይነቱ ፔግ በጠመዝማዛ ዘንግ ነው የሚሠራው፤ መያዣው ማርሹን ያዞረዋል፣ ክሩ ግን መያዣውን መልሶ ማዞር አይችልም። በራሱ ቁልፍ ነው። ፕላኔታሪ 4 ለ 1 እንዲህ ዓይነት ቁልፍ የለውም፤ ውስጡ ሆን ተብሎ በተደረገ ሰበቃ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ስታዞረው ትንሽ ከበድ ቢልህ ተበላሽቶ አይደለም።

ጀማሪ_ነኝ፦

እኔ የመጣሁት ድሪል የሚለውን ቃል አይቼ ነው። እባክህ ወንድሜ፣ የኔን ጥፋት አትድገም።

የድሮው ቀዳዳ 6.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነበር፣ አዲሶቹ 8 ይፈልጋሉ። እኔም ድሪሉ ላይ ባለ 8 ፑንታ ሰክቼ ከፊት በኩል ገባሁ። ቀላል ነገር መስሎኝ። ፑንታው የቀዳዳውን ጠርዝ ሲነካ እንደ መንጠቆ ነከሰና ራሱን በራሱ ወደ ውስጥ ሳበ። ድሪሉ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ዩኩሌሌዋ ጭኔ ላይ አንድ ጊዜ ተሽከረከረች። ሳነሳት ከፊት ያለው ስስ የጌጥ እንጨት በጣት ጥፍር ስፋት ተልጦ ወጥቷል፤ ከኋላ በኩል ደግሞ ፑንታው ሲወጣ ዙሪያውን ፈረካክሶታል።

የተላጠውን ከወለሉ ለቅሜ በእንጨት ኮላ መለስኩት። ሦስተኛዋ ቀዳዳ ላይ አሁንም ስፌቱ ይታያል። ያው ፔጉ ያለው ቀለበት ግማሹን ሸፍኖልኛል።

የእንጨት_ትል፦

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጭንህን ስላልነካው። ባለ ጠመዝማዛ ፑንታ ጠንካራ እንጨት ውስጥ አዲስ ቀዳዳ ሲከፍት ደህና ነው፤ ያለን ቀዳዳ ሲያሰፋ ግን መሃል ላይ የሚይዘው እንጨት የለም፣ ጠርዙን ብቻ ነክሶ ይሮጣል። ለዚህ ሥራ ድሪል አያስፈልግም። ሾጣጣ ሪመር፣ ማለት ቀዳዳ ማስፊያ፣ በእጅ፣ በቃ። ሩብ ዙር ከፊት፣ አውጥቶ ብናኙን ማራገፍ፣ ሩብ ዙር ከኋላ። ከሁለቱም በኩል ካልሄድክ ቀዳዳው እንደ ማጥለያ አንዱ ጫፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ይሆናል። ከመጀመርህ በፊት በሁለቱም ፊት የወረቀት ፕላስተር ለጥፍ፤ ቬርኒሹን ከመፈረካከስ ያድነዋል። በእያንዳንዱ ዙር ፔጉን ሞክረው። ማስፋት ይቻላል፣ ማጥበብ ግን አዲስ ሥራ ነው።

ባለአራት_ክር፣ ሳትለካ አትዘዝ። የቀዳዳህን ስፋት፣ የራሷን ውፍረት፣ ከቀዳዳው መሃል እስከ ጠርዝ ያለውን ርቀት በካሊበር ለካና አምራቹ ከሚያወጣው ሥዕል ጋር አስተያይ። ከጠርዙ በጣም የቀረበ ቀዳዳ ሲሰፋ እንጨቱ በጭረቱ አቅጣጫ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀዳዳህ ቀድሞውኑ ሰፊ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ማጥበቢያ ቀለበት ይሸጣል፤ እሱ ከሌለ ቀዳዳውን በእንጨት ሞልቶ፣ ኮላው እስኪደርቅ ጠብቆ፣ እንደገና መብሳት ነው።

የጊታር ዓይነቱን የምትመርጥ ከሆነም አንድ ምክር። ጀርባው ላይ ያሉት ቪቶች ቀጭን ናቸው። ለ2 ሚሊ ሜትር ቪት በ1.5 ፑንታ መንገድ ሳትከፍትለት በቀጥታ ካስገባኸው ጭንቅላቱ ይቆረጥና ግንዱ እንጨት ውስጥ ይቀርልሃል። መንገድ ክፈት፣ ጥርሱን ሻማ ቀባው፣ ከዚያ በእጅ።

ዝም_ብሎ_አንባቢ፦

ልጠይቅ፣ የኔ ቴኖር ራሷ እንደ ክላሲካል ጊታር መሃሏ የተከፈተ ነው። እሷ ላይ ፕላኔታሪ ይገባል?

የእንጨት_ትል፦

አይገባም። ያንቺ ግንዱ ተጋድሞ ነው የሚቀመጠው። ለእሱ የሚሆነው ሁለት ሁለት ሆኖ በአንድ ሰሌዳ ላይ የተያያዘው ነው፤ ከግንድ መሃል እስከ ግንድ መሃል ያለውን ርቀት ለኪ፣ እሱ ካልገጠመ ሌላው ሁሉ ቢገጥም ዋጋ የለውም።

ዝም_ብሎ_አንባቢ፦

ጋሼ፣ ወንድ ነኝ 😄 ግን አመሰግናለሁ፣ እለካለሁ።

ባለአራት_ክር፦

ከሦስት ሳምንት ዝምታ በኋላ ተመለስኩ። ፕላኔታሪ 4 ለ 1 ነው የመረጥኩት። የሶፕራኖዋን ምክርና የራሴን ግራ እጅ አስቤ ነው።

ለካሁ። ቀዳዳዬ 6.4፣ አዲሶቹ ሥዕላቸው ላይ 8 ይላሉ። ክሮቹን ሁሉ ሳወጣ ድልድዩ ላይ ያለችው ነጭ አጥንት ወድቃ ወለሉ ላይ ተንከባለለች፤ የትኛው ጎኗ ወዴት እንደነበር ስለማላውቅ ደነገጥኩ። ደግነቱ አንዱ ጎን ላይ ክሮቹ የበሉት ምልክት ነበር። ክር በሙሉ የምታወጡ ሰዎች አስቀድማችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉባት።

የድሮዎቹን ፔጎች ቪት ፈታሁ፣ መያዣዎቹ ወጡ፣ ግንዶቹ በፊት በኩል ተሳቡ። የፊቱ ቀለበቶች ግን ተገፍተው የገቡ ስለሆኑ እምቢ አሉ። ከኋላ በኩል የእንጨት ዘንግ አስገብቼ በቀስታ መታ መታ ሳደርገው አንድ በአንድ ወጡ። ሦስቱ በሰላም፤ አራተኛው ትንሽ ቬርኒሽ ይዞ መጣ።

ሪመሩን በእጅ አዞርኩት። ያላሰብኩት ነገር ድምፁ ነው፤ እንጨቱ በደንብ ሲቆረጥ ሽር ሽር ይላል፣ ሲጨናነቅ ደግሞ ይጮሃል። ሲጮህ አውጥቼ እፍ እላለሁ። አንዱን ቀዳዳ ለመጨረስ 20 ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ፤ የመጨረሻውን በ10። ሁለተኛዋ ቀዳዳ ላይ ሰልችቶኝ አንድ ሩብ ዙር አብዝቼ ፔጉ ላላ አለኝ። የእንጨት ልጥ በኮላ ለጥፌ አስተካከልኩት። የኔዎቹ ከኋላ እንጨቱን የምትነክስ ትንሽ ሹል አላቸው፤ ቤቱ ከመያዣው ጋር አብሮ እንዳይዞር። እሷን በቦታዋ ለማስገባት ፔጉን በእንጨት ቁራጭ ደግፌ በሞርሳ ቀስ አድርጌ ገፋሁት።

አሁን ኤ 440 ላይ ስትቆም በዓይኔ እያየሁ ነው። መያዣውን ነካ አደርጋለሁ፣ የቲዩነሩ መርፌ ነካ ትላለች። በቃ።

ሶፕራኖዋ፦

እሰይ! ክብደቷስ?

ባለአራት_ክር፦

ከበድ ማለቷን አውቃለሁ፣ ስይዛት ግን ብዙም አይታወቀኝም። ቆሜም ተጫውቼባታለሁ፣ አላዘቀዘቀችም። የሚያስቸግረኝ እጄ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጣቴ ትንሽ ነካ ማድረግ ለምዷል፤ አሁን ነካ ሳደርጋት ምንም አትሆንም፣ አራት እጥፍ ማዞር እንዳለብኝ እየረሳሁ ቲዩነሩ ተበላሸ እያልኩ እመታዋለሁ።

ቁጥር_ይናገር፦

ግንዱ ላይ ስንት ጊዜ ጠምጥመሃል?

ባለአራት_ክር፦

ኤ ላይ ሦስት፣ ሌሎቹ ላይ ሁለት ተኩል ገደማ። ጫፉን ከመጀመሪያው ዙር ሥር አሳልፌ ነው የያዝኩት፤ አልሾለከም። ከታች ወደ ላይ ብቻ ነው የምቃኘው፤ ካለፈኝ ዝቅ አድርጌ እንደገና እወጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። አዲስ ፔግ፣ የሰፋ ቀዳዳ፣ ሦስት ሳምንት ልፋት... ጂ አሁንም ጠቅ ትላለች። 😩

የእንጨት_ትል፦

(እየሳቅኩ ነው፣ ይቅርታ።)

እርሳሱ ለጊዜው ሸፍኖልህ ነበር። አዲሱን ክር የቀድሞው ዓይነት ነው ያስገባኸው?

ባለአራት_ክር፦

አይ፣ ወፈር ያለ ፍሎሮካርቦን ነው፤ ድምፁ ሞላ ይላል ተብሎ።

የእንጨት_ትል፦

ጎድጓዳዋ ለቀድሞው ክር እንኳ ጠባብ ነበረች፣ አሁን ደግሞ ወፍራም ጨመርክባት። ከክሩ ትንሽ የሚሰፋ ውፍረት እስኪኖረው ደረቅ የብርጭቆ ወረቀት እጠፍና በጎድጓዳዋ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አመላልስ። ጎንና ጎኑን ብቻ ነው የምትበላው፣ ታቹን እንዳትነካ። ታቹ ከወረደ ክሩ የመጀመሪያው ፍሬት (አንገቷ ላይ ያለው የብረት ዘንግ) ላይ ይንጫጫና አዲስ ነት ያስፈልግሃል። አምስት ስድስት ጊዜ አመላልስ፣ ክሩን መልስ፣ ስማ። ካልበቃ እንደገና። ስትጨርስ እርሳሱን ድገምለት።

ባለአራት_ክር፦

ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። በመጀመሪያው አሁንም ጠቅ አለች። በሁለተኛው ከ380 ወደ ልኳ 392 ኸርዝ ቀስ ብዬ አወጣኋት፤ መርፌዋ ሳትዘል፣ ያለ ምንም ድምፅ።

ጋሼ፣ የድሮዎቹ ሦስት ደህና ፔጎች ተርፈዋል። ጀማሪ_ነኝ፣ ላንተ ይሆኑሃል?

ጀማሪ_ነኝ፦

ይሆኑኛል፣ ቀዳዳዬ ግን አሁን 8 ነው 😅

የእንጨት_ትል፦

ማጥበቢያ ቀለበት።